ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ

የበሬ ስም እንዲሁ በዘፈቀደ አይወጣም። ገበሬ ወይፈኑን ቀንበር ሲያለማምድ መልኩን አይቶ፣ አመሉን መዝኖ ነው የሚሰይመው። ዥጉርጉሩ ቡሬ፣ አመድማው ዳልቻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ይባላል። ስም ከወጣለት ወዲያ በሬው በስሙ ይጠራል፤ በስሙ ይቆጡታል፤ በስሙም ያሞግሱታል። ከትልሙ ስቶ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ጅራፉ ሳይሆን ስሙ ነው።

እነዚህ ሦስት ስሞች ናይሮቢ ውስጥ፣ ኢንዱስትሪያል ኤርያ በሚባለው ሰፈር፣ መስኮት በሌላት አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል፣ በሦስት ሰርቨሮች ግንባር ላይ ተለጥፈው ለዓመታት ኖረዋል። በአማርኛ ፊደል የተጻፉ በመሆናቸው ኬንያውያኑ የሥራ ባልደረቦች እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ጽሑፍ አይመለከቷቸውም ነበር። ወረቀቶቹን የጻፈው ሰው ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ፣ ኑሮውን ናይሮቢ ያደረገ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ከልዩ ልዩ ክሊኒኮች የላቦራቶሪ ውጤት እየተቀበለ ለሐኪሞች የሚያደርስ ነው። ሰርቨሮቹ ቆሙ ማለት አንድ ሐኪም የሕመምተኛውን ደም ውጤት እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት ነው።

ለኮምፒውተር ስም ማውጣት የዚህ ሰው ብቻ ልማድ አልነበረም። የኢንተርኔት ሥርዓት ከሚመራባቸው ተከታታይ ሰነዶች መካከል ቁጥሩ 1178 የሆነውና በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰነድ ዓላማው ለኮምፒውተር እንዴት ያለ ስም ሊመረጥ እንደሚገባ መምከር ብቻ ነው። ከምክሮቹ አንዱ «በገዛ ስምህ አትሰይም» የሚል ነው፤ ባለቤቱ ሲሄድ ስሙ ግራ ያጋባልና። ባለሙያው ይህን ምክር ጠብቋል። ሰርቨሮቹን በራሱ ስም አልሰየማቸውም። ይሁንና ስማቸውን ማንበብ የሚችል ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሱ በቀር አልነበረም።

በዚያ ዘመን አንድ ሰርቨር አንድ ሥራ ነበረው። ቡሬ ውጤቱን ይቀበላል፤ ዳልቻ ያከማቻል፤ ቦራ ለሐኪሞቹ ያደርሳል። ቡሬ ሲግል ባለሙያው ነፋስ ማራገቢያውን ይጠርጋል፤ ዳልቻ ዲስኩ ማጓራት ሲጀምር እንደታመመ ከብት ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል። እያንዳንዳቸው ባለፉት ዓመታት በእጅ የተደረገላቸው ጥቃቅን ማስተካከያ ነበር። ያ ሁሉ የተጻፈው ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

ይህን የአሠራር ዘመን የለወጠው የአንድ ተራ ዕቃ ምሳሌ ነው። ከሞምባሳ ወደብ እስከ ናይሮቢ በጭነት መኪናና በባቡር የሚጓጓዘውን የብረት ሣጥን፣ ኮንቴይነርን፣ የማያውቅ የለም። በ1956 እ.ኤ.አ. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት 58 ሣጥኖችን በአንዲት መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን በላከ ጊዜ የንግድ ታሪክ ተለወጠ። ምሥጢሩ ሣጥኑ አንድ ወጥ መሆኑ ነው፤ መርከቡም ክሬኑም መኪናው ውስጡ ቡና ይሁን ምስማር ማወቅ አያስፈልጋቸውም። የሶፍትዌር ሰዎችም ከዚሁ ተማሩ። አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ሣጥን አሽጎ የትኛውም ሰርቨር ላይ ማስነሣት ተቻለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዶከር የተባለው መሣሪያ ይፋ ከሆነ በኋላ ይህ አሠራር በየአገሩ ተስፋፋ። ሣጥኑም እዚህ ኮንቴይነር ተባለ።

ሣጥን ሲበዛ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የትኛው ሣጥን በየትኛው መርከብ ይጫን? መርከቡ ቢሰጥም ጭነቱን ማን ያነሣዋል? ጎግል ለራሱ የውስጥ ሥራ ቦርግ የተባለ ሥርዓት ነበረው፤ ከዚያ ልምድ ተነሥቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት የሆነ ሌላ ሶፍትዌር ይፋ አደረገ። በ2015 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሙሉ እትም ሲወጣ ባለቤትነቱ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ላለ ተቋም ተላለፈ። ስሙ ኩበርኔቲስ ነው።

ቃሉ ግሪክ ሲሆን ትርጉሙ የመርከብን መቅዘፊያ ይዞ አቅጣጫ የሚያስይዝ ሰው ማለት ነው። በግእዝ ሐዳፊ የሚባለው፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያሉ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ከናሆዛው፣ ከጀልባዋ አለቃ፣ ጋር የሚያዛምዱት ሰው ነው። እንግሊዞች ለአገረ ገዢ የሚሉት ቃል በላቲን በኩል ዞሮ የመጣው ከዚሁ ግንድ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ኖርበርት ዊነር ስለ ቁጥጥርና ግንኙነት ለጻፈው መጽሐፍ ስም ሲፈልግ የመዘዘውም ይህንኑ ቃል ነው። አማርኛ በዚህ በኩል አያንስም። «መሪ» ሲል የመኪናውንም ክብ ብረት፣ የሕዝቡንም አለቃ በአንድ ቃል ይጠራል። የሶፍትዌሩ ዓርማም ባለ 7 ዘንግ የመርከብ መሪ ነው።

የሐዳፊው አሠራር ከጥንቱ የኮምፒውተር አሠራር በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። ድሮ ለማሽን የሚሰጠው ትእዛዝ ነበር፤ ይህን ክፈት፣ ያንን ዝጋ፣ ከዚያ ጀምር። ለኩበርኔቲስ ግን የሚሰጠው ትእዛዝ ሳይሆን ቃል ነው። «የዚህ ፕሮግራም 3 ቅጂ ምንጊዜም ይኑር» ተብሎ ይጻፍለታል። እሱም ሊሆን የሚገባውን ከሆነው ጋር ያለማቋረጥ ያስተያያል። 2 ቢያገኝ አንድ ይጨምራል፤ 4 ቢያገኝ አንድ ይቀንሳል። ሰርቨሮቹ፣ በዚህ ቋንቋ ኖድ የሚባሉት፣ በየ10 ሴኮንዱ «አለሁ» ይላሉ። አንዱ ዝም ካለ ሐዳፊው ወዲያው አይፈርድበትም። መጀመሪያ ይጠረጥረዋል፤ ከዚያም እንደ ተለመደው 5 ደቂቃ ይታገሠዋል። ያን ጊዜ ሁሉ ካልተመለሰ ሸክሙን ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ይህ ሁሉ ያለ ሰው እጅ ይፈጸማል።

በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነገር አንድ አባባል አለ። ሰርቨሮችህን እንደ ከብት እንጂ እንደ ቤት እንስሳ አትያዛቸው ይላል። የቤት እንስሳ ስም አለው፤ ሲታመም ሐኪም ይጠራለታል። ከብት ግን ቁጥር ነው፤ ሲታመም ይወገዳል፤ ሌላ ይተካል። አባባሉ የተወለደው ከብት በሺህ በሚታረድበት፣ ውሻና ድመት ግን አልጋ ላይ በሚተኙበት አገር ነው። ባለሙያው ይህን በአንድ የናይሮቢ ሥልጠና ላይ መጀመሪያ ሲሰማ ፈገግ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ከናሮክ የመጣ ማሳይ ወጣትም ፈገግ አለ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተግባቡ። ከብትን ቁጥር ብሎ የሚጠራ ሰው ከብት አልጠበቀም ማለት ነው።

የሚገርመው ሶፍትዌሩ ራሱ በዚህ አባባል ሙሉ በሙሉ አለመጽናቱ ነው። ቁጥር ሆኖ ሊተካ የማይችል ሥራ አለ፤ ለምሳሌ መረጃ የሚያከማች ፕሮግራም የራሱ ስምና የራሱ ማኅደር ያስፈልገዋል፤ ቢወድቅም ተተኪው በዚያው ስም ተነሥቶ ያንኑ ማኅደር መረከብ አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. ለዚህ የተዘጋጀው ክፍል ፔትሴት፣ «የቤት እንስሶች ስብስብ» ለማለት፣ ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስሙ ተለውጦ ስቴትፉልሴት ተባለ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ጉዳዩ አልተለወጠም፤ ስም ያለው ነገር በመንጋው መካከል ቦታ አገኘ።

ስም የሚያስፈልገው ሌላም ክፍል አለ። ሐዳፊው የተጻፈለትን ቃል ሁሉ የሚያስቀምጥበት መዝገብ ኢቲሲዲ ይባላል። ይህ መዝገብ በአንድ ሰርቨር ብቻ ቢቀመጥ ያ ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉ ነገር ይጠፋል፤ ስለዚህ በ3 ወይም በ5 ሰርቨሮች ላይ ይገለበጣል። ግልባጮቹ እንዳይጣሉ የሚያስማማቸው ደንብ ራፍት ይባላል፤ ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት የተባሉ የስታንፎርድ ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። አባላቱ ከመካከላቸው አንድ መሪ ይመርጣሉ፤ ማንኛውም ነገር በመዝገቡ የሚጸናው ከግማሽ በላይ አባላት ሲቀበሉት ብቻ ነው። ከ3 አባላት 1 ቢጎድል ሥራው ይቀጥላል፤ ከ5 ደግሞ 2 ቢጎድሉ። አባል 2 ብቻ ከሆነ ግን ከአንድ አይሻልም፤ አንዱ ሲጎድል የቀረው ብቻውን ከግማሽ በላይ አይሆንምና።

ይህን ለፈረንጅ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። በእድር ያደገ ሰው ግን አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ምልዓተ ጉባኤ። ምልዓተ ጉባኤው ካልተሟላ ዳኛው መዶሻ አያነሣም፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ አይጽፍም፣ ገንዘብ ያዡም አምስት ሳንቲም አያወጣም። የተሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥራቸው ካልሞላ ግን ማኅበር አይደሉም።

ባለሙያው በ2021 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ የድርጅቱን አሠራር በሙሉ ወደ ኩበርኔቲስ አዛወረ። ሥራ ተሸካሚዎቹን አዳዲስ ኖዶች በቁጥር ጠራቸው። መዝገቡን የሚይዙትን ሦስቱን ግን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ አላቸው፤ አሮጌዎቹን ወረቀቶችም ከጥንቶቹ ላይ ልጦ ለጠፈባቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ኖድ ሲወድቅ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው አልነበረም። ለባልደረቦቹ በኩራት፣ «ከእንግዲህ የማይተካ ነገር የለንም» አላቸው።

የረሳው ነገር ግን ነበር። በእንዲህ ያለ ስብስብ ውስጥ ሰርቨሮቹ ሲነጋገሩ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በምስክር ወረቀት ነው። እያንዳንዱ «እኔ ቡሬ ነኝ» ሲል ማኅተም ያለበት ማስረጃ ያሳያል። ስብስቡን ለማቋቋም በተጠቀመበት ኩቤአድም በተባለው መሣሪያ የሚሰጡት እነዚህ ወረቀቶች ዕድሜያቸው 1 ዓመት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተወልደው በአንድ ቀን ያልፋሉ። ሶፍትዌሩ በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አዲስ እትም ከፍ ቢል አብረው ይታደሱ ነበር። ባለሙያው ግን «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብሎ ከፍ አላደረገውም። ቀኑን ያውቀዋል፤ በእጁ ሊያድስ አስቧል። ለማንም አልነገረም፤ የትም አልጻፈም። የሦስቱ ሰርቨሮች የይለፍ ቃልም ከእሱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት፣ ማለትም በ2022 እ.ኤ.አ.፣ አንድ ሌሊት በሰፈሩ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ዘግይቶ ተነሣ፤ ያረጁት ባትሪዎች ሊያደርሱት አልቻሉም፤ ክፍሉ ለጥቂት ደቂቃ በሙሉ ጨለመ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተረኛው ወጣት ስልክ ደወለ። «ሙዜ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ተነሥተዋል፤ መብራታቸውም አረንጓዴ ነው፤ ግን አንድም የሚሠራ የለም» አለው። ባለሙያው ሚስቱን ሳይቀሰቅስ ልብሱን ለብሶ ከኪሊማኒ ተነሥቶ ሄደ።

በዚያው ሌሊት ሌላ ስልክ ደግሞ ከጎጃም ወደ ናይሮቢ ተደውሎ ነበር፤ የተደወለው ግን ለእሱ አይደለም። እናቱ አመሻሽ ላይ አርፈው ነበር። ወንድሙ እንደ ደንቡ ለእድሩ ዳኛ ነገረ፤ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርምና። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን አንኳኩ። ሚስቱ ከፈተችላቸው። ፊታቸውን አይታ ማንን ሊረዱ እንደመጡ ገባት።

«የለም፤ ሌሊት ሥራ ጠርተውት ወጥቷል» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሥራ ቦታ ሄደው በባዕድ ሰው መካከል ሊነግሩት አልፈለጉም። «እንጠብቀው፤ አሁን ይመጣል» ብለው ተቀመጡ። እሷም እንባዋን ጠርጋ ደወለችለት። «መቼ ትመጣለህ?» አለችው። «አሁን፤ ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት።

ትንሽ አልነበረም የቀረው። ባለሙያው የመሰለው የመብራቱ መጥፋት የቡሬን ዲስክ የጎዳው ነበር። ቡሬ የሦስቱ አንጋፋ ነውና ልቡ ወደ እሱ አደላ። ሰዓታትን ዲስኩን በመመርመር ፈጀ። ዲስኩ ጤነኛ ነበር። ዳልቻን አጥፍቶ አስነሣው፤ ከዚያ ቦራን። ሦስቱም ይነሣሉ፤ ሦስቱም ይናገራሉ፤ ምልዓተ ጉባኤው ግን አይሟላም። ክሊኒኮች መደወል ጀመሩ። ሁለቱ ወጣቶች ከኋላው ቆመው ያያሉ፤ ሊረዱት ይፈልጋሉ፤ ቁልፉ ግን በእጃቸው የለም።

ከአገር ቤት ደግሞ በየሰዓቱ ለሽማግሌዎቹ ይደወላል። «ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ከደረሰ እናቆያለን» ይላል ወንድሙ። በጧቱ አውሮፕላን ቢሳፈር አዲስ አበባ ለመድረስ 2 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ቀብሩ ለማግስቱ ጧት ቢቆይለት ይደርስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን የሚመልሱት አልነበራቸውም። ሚስቱ ደግማ ደወለች። «አሁን፤ ደርሻለሁ» አላት። ረፋዱ ላይ ወንድሙ ዳግመኛ ጠየቀ። ዳኛው፣ «ልጄ፣ ምን ልበልህ፤ እናንተ እንደ ፈቀዳችሁ አድርጉ» አሉት።

ባለሙያው እኩለ ቀን ሲቃረብ ከብዙ ሺህ መስመሮች መካከል ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኑ ሥር የነበረችውን አንዲት መስመር አነበበ። የምስክር ወረቀቱ ጊዜው አልፏል ወይም ገና አልደረሰም ትላለች። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተገለጠለት። ወረቀቶቹ በዋዜማው ዓመት ሞልቷቸው አልፈዋል። ሰርቨሮቹ አስቀድሞ በተከፈተ መስመር እየተነጋገሩ ስለነበሩ ማንም አላወቀም። መብራቱ ጠፍቶ ሲነሡ ግን እንደ አዲስ መተዋወቅ ነበረባቸው። ቡሬ ዳልቻን አላወቀውም፤ ዳልቻም ቦራን። ሦስቱም በሕይወት አሉ፤ እርስ በርስ ግን አይተማመኑም። ሥራ ተሸካሚዎቹም የሚያዛቸው አጥተው አረንጓዴ መብራታቸውን አብርተው ተቀመጡ።

ወረቀቶቹን ማደስ የወሰደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ቁልፉ ያለውና አንዲት ገጽ የተጻፈለት ማንኛውም ተረኛ ሌሊቱን ሊያደርገው ይችል ነበር። ባለሙያው ሁሉም መመለሱን እስኪያረጋግጥ ቆይቶ ቤቱ ሲደርስ 10 ሰዓት ሆኗል። ደጁ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሲያይ ቆመ። ዳኛው ተነሥተው ትከሻውን ያዙት። ቀብሩ 9 ሰዓት ላይ ተፈጽሞ ነበር።

ለሰልስቱ ደረሰ። ልቅሶ ደራሹ ሲበተን ከታላቅ ወንድሙ ጋር ደጅ ወጥተው ተቀመጡ። ወቅቱ የእርሻ ነው፤ ከማዶ የሚያርሱ ይታያሉ። አባታቸው ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ በሬዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ስማቸው ግን አልተለወጠም። ዥጉርጉር በመጣ ቁጥር ቡሬ ይባላል።

«ጋሼ፣ ቡሬን አላየሁትም» አለ።

«ሚያዝያ ላይ ገደል ገባ። እንደ ሰው ነው ያለቀስኩለት» አለ ወንድሙ።

«ታዲያ በምን ታርሳለህ?»

«ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቼ። በማግስቱ ነው እርሻ የገባሁት።»

«በአንድ ቀን ተስማማችሁ?»

ወንድሙ ዞሮ አየው። «በሬ ከሞተ በኋላ መቀናጆ ይፈለጋል እንዴ? የማን በሬ ቢጎድል የማን እንደሚሞላ ድሮ የተነጋገርነው ነው» አለው።

መቀናጆ ለማያውቅ አንባቢ፣ አንድ አንድ በሬ የቀራቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በየተራ የሚያርሱበት ስምምነት ነው። እዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ያስደንቃል። ብዙ ሰርቨሮችን እንደ አንድ አድርጎ ማሠራትን እንግሊዝኛው የሚጠራው ከሙዚቃ ጓድ፣ ከኦርኬስትራ፣ በተወሰደ ቃል ነው። አማርኛ «ማቀናጀት» ይላል። ቃሉ ከቀንበር የመጣ ነው። እንግሊዝኛው በዓይነ ሕሊና በትሩን ይዞ ፊት ለፊት የቆመ አንድ ሰው ያሳያል። የአማርኛው ግን የሚያሳየው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት በሬዎችንና አስቀድሞ የተነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞችን ነው።

የከብቱና የቤት እንስሳው አባባል የሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መውደድና መተካት የሚጣሉ ነገሮች ያስመስላል፤ የምትወደው አይተካም፣ የሚተካውን አትውደደው እንደ ማለት። ገበሬው ግን በሬውን በስሙ ይጠራል፤ ሲሞት ያለቅስለታል፤ በማግስቱም ያርሳል። ይህን ያስቻለው ልቡ መደንደኑ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ያለው ውል ነው። ተተኪ ማዘጋጀት የሄደውን መናቅ አይደለም። እንዲያውም ለመሄድ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ለማልቀስም ጊዜ የሚሰጥ እሱ ነው። ባለሙያው ለማሽኖቹ ይህን ፈቃድ አዘጋጅቶላቸው ነበር። ከሦስቱ አንዱ በማንኛውም ሰዓት ሊወድቅ ይችላል፤ ማኅበሩ አይፈርስም። ለራሱ ግን አላዘጋጀም። ከአንድ አባል በቀር የሌለው ጉባኤ ሆኖ ኖሯል፤ ይህንንም ለዓመታት እንደ ክብር ቆጥሮታል።

የማይተካ መባል የሚያስደስት ነገር ነው። አለቃ ሲያመሰግን «ያለ አንተ ምን እንሆን ነበር» ይላል፤ ሰሚውም ይኮራል። ያቺ ምስጋና ግን ዋጋዋ የሚታወቀው ሽማግሌዎች በር ሲያንኳኩ ነው።

ናይሮቢ በተመለሰ ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች «ፖሌ ሳና፣ ሙዜ» እያሉ እጁን ያዙት። በዚያው ሳምንት ከሁለቱ ጋር ተቀመጠ። የሦስቱን ሰርቨሮች ቁልፍ ለሦስት ሰው አደረገው። በጭንቅላቱ ያለውን ሁሉ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ አስጻፈ፤ ወረቀቶቹ የሚታደሱበትን ቀን፣ መዝገቡ የሚገለበጥበትን ሰዓት፣ አንዱ ቢወድቅ አዲሱ እንዴት ማኅበሩን እንደሚቀላቀል። ጽፎ ብቻ አልተወም፤ እሱ ክፍሉ ውስጥ በሌለበት እነሱ ብቻቸውን አንዱን ሰርቨር አጥፍተው እንዲተኩ አደረገ። መጀመሪያ ሲሳሳቱ በር ላይ ቆሞ እጁን ማሳረፍ ከበደው። ለራሱ የሰጠው ትእግሥት 5 ደቂቃ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ተራዘመ። ከወጣቶቹ አንደኛዋ ስለ ወረቀቶቹ ስትሰማ፣ በግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እያሳየች፣ «እነዚህስ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀችው። ከብዙ ዓመት በኋላ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች። ነገራት፤ እሷም በደብተሯ ጻፈችው።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ለእናቱ ሙት ዓመት አገሩ ሄደ። ስልኩን ከሻንጣው አላወጣውም። ለተዝካሩ የመጣው ሰው እስኪሸኝ ቆየ፤ ከቀሳውስቱ ጋር በላ፤ ከወንድሙ ጋር መቃብሩ አጠገብ ተቀመጠ። ባለፈው ዓመት ያላለቀሰውን አለቀሰ። ማንም አልጠራውም።

በተመለሰ ማግስት ጧት ወደዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ገባ። በቦራ ቦታ ያለው ሰርቨር ሌላ ነበር። አሮጌው በአራተኛው ቀን ሌሊት ወድቆ፣ ሁለቱ የተቀሩት ማኅበሩን ይዘው አድረው፣ ጧት ወጣቶቹ በገጹ ላይ እንደ ተጻፈው አዲሱን ተክተው ኖረዋል። አሮጌው ወረቀት ሲላጥ ተቀዶ ይሁን ሌላ፣ በአዲሱ ግንባር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «ቦራ» ይላል። የጻፈችው እጅ ፊደሉን የማታውቅ ስለሆነች «ቦ» ወደ ግራ ዘንበል ብላለች፤ «ራ»ም ከእሷ ርቃ ቆማለች።

ሊያስተካክለው እስክሪብቶ አወጣ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው።